ጥቆማ፦ ለ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ የሚሆን የካርታ ሶፍትዌር፣ ካርታ በትልቁ የሚያትም ቤትም

ጠመኔ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የማስተምረው። 9ኛ እና 10ኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ። በአንድ ክፍል 58 ልጅ አለኝ። አይሲቲ ክፍል ውስጥ የሚነሱት ኮምፒውተሮች 11 ናቸው፤ ራማቸው 4 ጊጋ ነው። ፕሮጀክተር አንድ አለች፤ እሷም በወረፋ ነው። ኢንተርኔቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል።

ካርታ ንባብ ላይ ልደርስ ነው። ኮንቱርን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) በጠመኔ እየሳልኩ ማስረዳት ሰልችቶኛል። ባለፈው አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ የጣት አሻራ ነው?» አለኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ያለ ኢንተርኔት ወይም በትንሽ ኢንተርኔት የሚሠራ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞ የአካባቢያችንን ካርታ በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ የት ላሳትም? ትምህርት ክፍሉ 8 ሺህ ብር ፈቅዶልኛል።

ሰሜን ጠቋሚ
ጉግል ኧርዝ ፕሮ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው፣ ብራውዘር ላይ ያለው አይደለም። ድሮ በዓመት 399 ዶላር ነበር፤ ከ2015 (በፈረንጆች) ጀምሮ ነፃ ነው። አንዴ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆነህ ያየኸውን አካባቢ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥልሃል። ካሹን፣ ማለትም ያየኸውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ፣ ከሴቲንጉ ገብተህ እስከ 2 ጊጋ ማሳደግ ትችላለህ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ኔት ይከፈታል።

ለኮንቱር ደግሞ እንዲህ አድርግ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና አድርገህ እስከ ሸዋ ሮቢት መስመር ስመር። መስመሩን በቀኝ ክሊክ ነካ አድርገህ «ኤሌቬሽን ፕሮፋይል» የሚለውን ምረጥ። ከ2,800 ሜትር ገደማ ይነሣል፣ ጣርማ በር ላይ 3,000ን ያልፋል፣ ከዚያ ዝቅ እያለ ሮቢት ወደ 1,300 ይደርሳል። ልጆችህ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ሄደው ጆሯቸው ተደፍኖ ያውቃል። ሹራባቸውን የት ጋ እንዳወለቁ ጠይቃቸው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለውን ራሳቸው ይነግሩሃል። እኔ ያንን ቀን ያስተማርኩት ምንም ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ።

ጥግ ተቀማጭ
58 ልጅ በ11 ኮምፒውተር። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አራቱ ትከሻው ላይ ይንጠለጠላሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናል። እኛ ፕላዝማም ታይቶልን ነበር፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራውን ይበላል።

ባለ ላፕቶፑ
ኪውጂአይኤስ ጫን። ነፃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነፃ ነው፣ ማንም መጥቶ ክፈል አይልህም። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ምን ያደርግልሃል? የከፍታ ዳታው ኤስአርቲኤም ይባላል። በየካቲት 2000 (በፈረንጆች) ኢንደቨር የምትባለው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ የመሬትን አብዛኛውን ገጽታ በራዳር የለካችው ነው። 30 ሜትር ጥራት ያለው አለ፣ በነፃ ይወርዳል። የአካባቢህን ቁራጭ አውርደህ «ኮንቱር» የሚለውን ስትጫን በራስህ ምርጫ በ20 ሜትር ወይም በ50 ሜትር ልዩነት መስመሩን ይሠራልሃል። መጽሐፉ ላይ ያለውን የማይታወቅ ኮረብታ ትተህ ከትምህርት ቤታችሁ በስተጀርባ ያለውን ኮረብታ ታሳያቸዋለህ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳምንት ያታግልሃል። በ4 ጊጋ ራምም ትንሽ ይንፏቀቃል። ግን ልጆቹ እንዲከፍቱት አታድርግ፤ አንተ ቤትህ ሠርተህ ምስሉን ብቻ ውሰድላቸው።

የተቃጠለ
ሶፍትዌር ስትጭኑ ተጠንቀቁ። የኔን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ አንድ ማሠልጠኛ ነበር። የሁለት ሳምንት የጂአይኤስ (ካርታን በኮምፒውተር የመሥራት) ሥልጠና ብለው 6,500 ብር ተቀበሉኝ። ሥልጠናው ስድስት ቀን ሆነ። በመጨረሻ በፍላሽ «ሙሉ ሶፍትዌር» ብለው ሰጡን። ክራክ የተደረገ ነው። ጭኑት፣ ሲጭን አንቲቫይረሱን አጥፉት አሉን። አጠፋሁት። ሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ ስሜን በአንድ ፊደል ገድፈውታል።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስመለስ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ፋይል በሙሉ ተቆልፏል። የሰባት ክፍል ማርክ ሊስት። የሚድ ፈተና። የሁለት ዓመት የትምህርት ዕቅድ። «ዶላር ላክ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይከፈታል። ደወልኩላቸው፣ «እኛ ጋ ሲሠራ ነበር» አሉኝ።

ሰሜን ጠቋሚ
የት ነው ማሠልጠኛው? ሌላ ሰው እንዳይገባ።

የተቃጠለ
ስም አልጠራም። ያለፈ ነገር ነው። ግን ማርክ ሊስቱን ከተማሪዎቹ ደብተር ነው መልሼ የሰበሰብኩት። ሁሉም «ቲቸር፣ እኔ 18 ነው ያገኘሁት» ይለኛል። ከ20።

ጥግ ተቀማጭ
በታሪክ ከፍተኛው የክፍል አማካይ።

ሊኑክስ ወይም ሞት
ዊንዶውስ ከተዋችሁት ይሄ ሁሉ የለም። ኡቡንቱ ጫኑ።

የተቃጠለ
ወንድሜ፣ የአይሲቲ መምህራችን ዊንዶውስ ራሱን በስንት መከራ ነው የሚጭነው።

ባለ ላፕቶፑ
በነገራችን ላይ ክራክ የሚያስፈልገው ለዚያ ለሚከፈልበት ለአርክጂአይኤስ ነው። ኪውጂአይኤስን ማን ክራክ ያደርገዋል? በነፃ የሚሰጥን ነገር እንደ መስረቅ ነው። ማርክ ሊስት ግን ምንጊዜም በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ወረቀት ይሁን።

የፒያሳ ልጅ
ስለ ሶፍትዌሩ አላውቅም። ስለ ህትመቱ ግን አትድከም። ፒያሳ የነበረው ሰውዬ ጋ ሂድ። በ2010 ያሳተምኩት የአፍሪካ ካርታ እስከ ዛሬ ቀለሙ አልለቀቀም። ፒያሳ ሲፈርስ ተነሥቶ አሁን አውቶቡስ ተራ አካባቢ ገብቷል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ኮንቱር
አውቀዋለሁ። እኔም እሱ ጋ አሳትሜ ነበር፣ ከመግዛቴ በፊት ማስመሪያ ይዤ አለመሄዴ ነው የጎዳኝ። 1፡50,000 የሆነ ቶፖ ካርታ ነው የሰጠሁት፤ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን። ወረቀቱን እንዲሞላለት ሳበው። ስለዚህ ካርታው ላይ 1፡50,000 ተብሎ ተጽፏል፣ ሲለካ ግን ወደ 1፡32,000 ሆኗል። ልጆቹ በማስመሪያ ከከተማው እስከ ወንዙ ሲለኩ 11 ኪሎ ሜትር አገኙ። በእግራቸው የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ 7 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ያውቁታል።

የፒያሳ ልጅ
ግድግዳ ላይ የሚሰቀልን ነገር ማን ይለካዋል? ቀለሙን ተመልከት።

ኮንቱር
ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ የተሰቀለን ካርታ ሁሉም ሰው ይለካዋል። ሥራችን እኮ እሱ ነው።

የፒያሳ ልጅ
የፋይሉ ጥፋት ነው። ሰውዬው 20 ዓመት ሠርቷል።

እማማ ካርቦን
ልጆች፣ አትጣሉ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከማሳተምህ በፊት ካርታው ላይ ስኬል ባር ይኑረው፤ ያ በኪሎ ሜትር የተከፋፈለው መስመር። ካርታው ሲሳብ ወይም ሲያንስ ባሩም አብሮ ይሳባል፣ አብሮ ያንሳል፤ ስለዚህ አይዋሽም። በቁጥር የተጻፈው ግን ወረቀቱ መጠኑን በቀየረ ቁጥር ይዋሻል። የሰውዬውን የተበላሸ ካርታ አትጣሉት። ልጆቹ «የትኛው ስኬል ነው ልክ?» ብለው እንዲፈልጉ ስጧቸው። ከዚህ የተሻለ የክፍል ሥራ አላውቅም።

ሌላው ደግሞ፣ የድሮውን ቶፖ ካርታ የምትጠቀም ከሆነ የኔ ልጅ፣ ከስልክህ ጋር አይገጥምም። ያ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚጠቀመው። የካርታውን ቁጥር እንዳለ ስልክህ ላይ ብታስገባ ከመቶ ሜትር በላይ ያስትሃል። አንድ ዓመት ልጆቼን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ ብዬ ልኬ ማሳ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ባለ ላፕቶፑ እንዳለህ ኪውጂአይኤስ ካለህ፣ አዲንዳን ዞን 37 ብለህ ንገረው፤ እሱ ያስተካክለዋል። ደብረ ብርሃን ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ዞን ስልህ የካርታውን ክፍፍል ነው እንጂ የአስተዳደሩን አይደለም።

ጠመኔ
እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። የቶፖውን ካርታ የት ላግኝ?

እማማ ካርቦን
እኛ ከካርታ ሥራ ነበር የምንገዛው፣ ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ ይዘን። አሁን ስሙ ተቀይሮ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘህ ሂድ። ማኅተሙን አትርሳ።

ባለ ባጃጁ
ከሁሉም ጉግል ማፕ ይሻላል። እኔ አዳማ ነው የምሠራው፣ ደንበኛ አድራሻ ሲልክልኝ ቀጥ ብሎ ያደርሰኛል። አዲስ አበባ ግን ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በተዘጋ መንገድ ይወስዳል ይላሉ።

ጥግ ተቀማጭ
58ቱን ልጆች በባጃጅ አስጎብኝልን።

ባለ ባጃጁ
ሦስት ሦስት ሆነው ከመጡ እችላለሁ።

ሰሜን ጠቋሚ
ቀልዱ ይቆየንና፣ ለስልክ ኦርጋኒክ ማፕስ አለ። ማስታወቂያ የለውም፣ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረድክ ያለ ኔት ይሠራል። የኮንቱር መስመርም ያሳያል። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኦስማንድም አለ፣ ግን ነፃው ላይ የምታወርዳቸው ካርታዎች ቁጥር የተገደበ ነው፣ አዝራሩም ይበዛል።

ጠመኔ
እኛ ጋ ስልክ ክልክል ነው። በር ላይ ይፈተሻሉ።

ሰሜን ጠቋሚ
የአንተ ስልክ ይበቃል። ሁለቱ ካርታዎች የሚመጡት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት። የኛ ትምህርት ቤት ካርታው ላይ አልነበረም። ልጆቹ ግቢውን በእርምጃ ለክተው በወረቀት ሳሉ፣ እኔ ማታ ቤቴ ሆኜ አስገባሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ስልኬ ላይ ሳሳያቸው ሽንት ቤቱን ሳይቀር «እኔ የለካሁት ነው» ብለው ተጣሉ።

እናት ከሜሪላንድ
እኔ የምጠይቀው ትንሽ ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ እናስተምራለን። የቦታ ስም በአማርኛ የተጻፈበት ካርታ እንፈልጋለን። ልጄ «ጎንደር»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የምታውቃት።

ሰሜን ጠቋሚ
እህቴ፣ የጉግል ማፕን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይም ለአማርኛ ስም የተለየ ቦታ አለ፤ ያልተጻፈውን አንቺ ራስሽ መጨመር ትችያለሽ። ትንንሽ ቀበሌዎች ላይ ይጎድላል፤ ትልልቆቹ ከተሞች አሉ።

የበሰቃ ጎረቤት
ዘግይቼ ገባሁ። እኔ መተሐራ አካባቢ ነው ያስተማርኩት። ስለ ሐይቅ ስታስተምር የጉግል ኧርዝን ታይምላፕስ አትርሳ። ከ1984 (በፈረንጆች) ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምስል እንደ ቪዲዮ ያሳያል። በሰቃ እያበጠ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲጠጋ ይታያል። አብያታ ደግሞ ሲሸሽ። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ይቀንሳል። ለምን? ልጆቹ እዚያ ላይ ሲከራከሩ ደወል ተደወለ፣ ማንም አልወጣም። የሕዳሴው ግድብ ውኃ ከ2020 ወዲህ ሲሞላም ይታያል። ኔት ስለሌላችሁ ቤትህ ሆነህ ስክሪኑን ቅዳው፣ በፍላሽ ይዘህ ሂድ።

የተቃጠለ
ፍላሽ አትበሉኝ።

ጥያቄ አለኝ
ጉግል ኧርዝ ላይ ራስ ዳሽንን ስነካው 4,620 አይሰጠኝም። መጽሐፋችን 4,620 ነው የሚለው። የትኛው ነው ልክ?

ባለ ላፕቶፑ
አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው። 4,620 የድሮ ቁጥር ነው። ኤስአርቲኤም ደግሞ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሚለካ ሹል ጫፍን ዝቅ ያደርጋል።

ጥያቄ አለኝ
ፈተና ላይስ?

እማማ ካርቦን
ፈተና ላይ መጽሐፉ ያለውን ጻፍ። ከወጣህ በኋላ እውነቱን ለጓደኛህ ንገረው።

ጠመኔ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። የጣርማ በሩን ነገር በተለይ ወድጄዋለሁ። ማኅተሙም ተመትቷል። አሁን ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ፤ ዛሬ ጠዋት የፕሮጀክተሯ አምፖል ተቃጠለ። አምፖል የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አለ?

የፒያሳ ልጅ
ሰውዬው ጋ ጠይቅ። አምፖልም አያጣም።