«ቶምፑስ»ን ምን እንበለው?

ፊደል፦ ከደች (ከኔዘርላንድስ ቋንቋ) በሚተረጎም ጽሑፍ ውስጥ፣ በንጉሥ ቀን ስለሚበላ ብርቱካናማ «ቶምፑስ» የሚያወራ አንቀጽ አለ። «ኬክ» ማለት ይበቃል ወይስ «ሚሌፎሊ» ይሻላል? ቃሉስ ከየት መጣ?

መዝገበ፦ «ኬክ» ብቻ ካሉት አንባቢው የልደት ኬክ ያስባል። ቶምፑስ አራት ማዕዘን ነው፤ ከታችና ከላይ አንድ አንድ ደረቅ የፓፍ ፔስትሪ (በቅቤ ተደራርቦ የሚጋገር ስስ ሊጥ) ገጽ፣ መሐሉ ወፈር ያለ የቫኒላ ክሬም፣ ክዳኑ ላይ ሮዝ የስኳር ቅብ። የጣልያኑ ሚሌፎሊ «ሺህ ቅጠል» ማለት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የሊጥ ንብብር አለው፤ ላዩም ብዙ ጊዜ ዱቄት ስኳር ይነሰነስበታል። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም።

ስሙ ከፈረንሳይኛ ነው። «ፑስ» አውራ ጣት ነው፤ «ቶም ፑስ» ደግሞ በእንግሊዞች ተረት ውስጥ አውራ ጣት የሚያህለው ልጅ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁመታቸው እጅግ አጭር የሆኑ የመድረክ ሰዎች ስሙን ይይዙት ነበር፤ ከኔዘርላንድስ ፍሪስላንድ ግዛት የመጣው ያን ሃነማ (1839–1878 እ.ኤ.አ.) «አድሚራል ቶም ፑስ» ተብሎ ታውቋል። አንድ የአምስተርዳም ኬክ ሠሪ ጣፋጩን በእሱ ስም እንደጠራው ይነገራል። በደች አጻጻፍ የኋለኛው ክፍል «ድመት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም «ቶም ድመት» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው።

እርሾ፦ አሠራሩን የሚገልጽ አንቀጽ ካለ «ክዳን» የሚለውን ቃል አይተዉት፤ ሥራው ሁሉ በእሱ ላይ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊጥ በሹካ ይበሳሳል፣ ሌላ ትሪ ይጫንበትና በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይጋገራል፤ ከዚያ ትሪው ተነሥቶ በደንብ እስኪቀላ ሌላ 10 ደቂቃ ያህል። ካልተጫነ ይነፋና ክሬሙ ላይ አይተኛም፤ ሳይቀላ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ይልፈሰፈሳል።

ለክሬሙ ግማሽ ሊትር ወተት፣ 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 45 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ቫኒላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ወፈረ ብሎ ቶሎ ያወርደዋል። እየተማታ አንድ ሁለት ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ አለበለዚያ አስኳሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ይሰባብረውና ክሬሙ በማግስቱ ይቀጥናል። ላስቲኩ ክሬሙን ነክቶ ካልተሸፈነ ደግሞ ቆዳ ያበጃል።

ክዳኑ መጀመሪያ ስስ የአፕሪኮት ማርማላታ ይቀባል፣ ቅቡ ወደ ሊጡ እንዳይሰርግ። ቅቡ 150 ግራም ዱቄት ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመር። ክዳኑ ተቀብቶ ጥርስ ባለው ቢላዋ ለብቻው ይቆረጣል፣ ከዚያ ክሬሙ ላይ ይደረደራል። ከተገጣጠመ በኋላ ከተቆረጠ ክሬሙ በጎን ይወጣል።

ፊደል፦ ብርቱካናማውስ?

መዝገበ፦ የንጉሣዊው የኦራንየ ቤት ቀለም ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሥ ቀን አፕሪል 27 ይውላል፣ በእኛ ሚያዝያ 19 (እሑድ ከዋለ በዋዜማው ይከበራል)፤ ያኔ ሮዙ ቅብ በብርቱካናማ ይለወጣል። ስለዚህ ስሙን ይተዉትና መጀመሪያ ሲመጣ እንዲህ ይግለጹት፦ «ቶምፑስ፣ በሁለት የፓፍ ፔስትሪ ገጾች መሐል ክሬም ያለው፣ ክዳኑ ስኳር የተቀባ የደች ጣፋጭ»። ከዚያ በኋላ «ቶምፑስ» ብቻ ይበቃል።

እርሾ፦ «ክዳኑን አንሥቶ ከሥር አደረገው» የሚል ካገኙም በቀጥታ ይተርጉሙት። ከላይ ሲነከስ ክሬሙ ስለሚፈስ ብዙዎች የሚበሉት እንደዚያ ነው።