ሥራ ላይ እያለሁ ሌላ ሥራ ስፈልግ ስሜን እንዴት ላስተዋውቅ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጥሬ፣ አሁን የሦስት የስፌት መስመሮች የጥራት ኃላፊ ነኝ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ የፋብሪካችን ትእዛዝ እየሳሳ ስለ መጣ፣ ሥራዬን ሳልለቅ ሌላ መፈለግ ጀምሬአለሁ። ጓደኞቼ ሲቪ በየቴሌግራም ቻናሉ ከመበተን የባለሙያዎች ማኅበራዊ መድረክ በሆነው ሊንክድኢን ላይ የግል ብራንድ መገንባት፣ ማለትም ስምና ሙያን ማስተዋወቅ፣ ይሻላል ይሉኛል። እኔ ግን አለቆቼ ቢያዩት ሳልሄድ እንደ ሄድኩ ይቆጥሩኛል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልኩ ስላደግሁ ስለ ራሴ መጻፍ ያሳፍረኛል። ባለፈው እሑድ አንድ ሰዓት ተቀምጬ የጻፍኩት «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል ባለሙያ» የሚል ብቻ ነበር፤ እሱንም አጠፋሁት።

መልስ (በቅጥር ክፍል የምሠራ)

እህቴ፣ ማጥፋትዎ ደግ ነው። በቅጥር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት «ታታሪ አይደለሁም» ብሎ የጻፈ አመልካች ገጥሞኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ቃሉ አንዱን ከሌላው አይለይልኝም። ስለ ራስዎ መጻፍ ካሳፈረዎት ስለ ሥራዎ ይጻፉ። 2,000 ሸሚዝ ተጠናቆ ሲቀርብ 125ቱ ወጥቶ እንደሚመረመር፣ በተለመደው የኤኪውኤል (ተቀባይነት ያለው የጉድለት መጠን) 2.5 ደረጃ እስከ 7 ዋና ጉድለት ቢገኝ ሎቱ (አንድ ላይ የቀረበው ምርት በሙሉ) እንደሚያልፍ፣ 8 ከሆነ ግን ውድቅ እንደሚሆን እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል። የዘርፉ ቀጣሪም ያውቀዋል። እሱ የማያውቀው፣ ስምንተኛው ጉድለት በተገኘበትና የምርት ክፍሉ «መኪናው በር ላይ ቆሟል» እያለ በሚጨቀጭቅበት ሰዓት እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ ነው። ይህን በዐሥር መስመር ይጻፉት። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውንም አይርሱ።

በሊንክድኢን ገጽዎ ከስምዎ ሥር በሚገባው አርእስት ላይ ግን ቅኔ አያስፈልግም። ቀጣሪ የሚፈልገው የሥራ መደብን ስም በመጻፍ ስለሆነ መደብዎን፣ ዘርፍዎን እና ከተማዎን በግልጽ፣ በእንግሊዝኛም ጭምር ያስፍሩ።

መልስ (ከፋብሪካ ወደ ሌላ ድርጅት የተዛወርኩ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። እኔ ሥራዬን ለማሳየት ብዬ የለጠፍኩት ፎቶ ጥግ ላይ የደንበኛው ኩባንያ መለያ ያለበት ካርቶን ስለ ታየ፣ በማግስቱ ቢሮ ተጠርቼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀብያለሁ። የደንበኛ ስም፣ የትእዛዝ ብዛትና ያልወጣ ዲዛይን የእርስዎ አይደሉም፤ ዘዴዎን ይጻፉ እንጂ የፋብሪካውን ገበና አይንኩ።

ሊንክድኢን ሥራ ፈላጊ መሆንዎን ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራ ፈላጊ መሆንዎን ለሁሉም የሚያሳየውን፣ በፎቶዎ ዙሪያ የሚዞረውን አረንጓዴ ክብ አይምረጡ። ሊንክድኢን በአሠሪዎ ድርጅት ያሉ ቀጣሪዎች እንዳያዩት እንደሚጥር ቢገልጽም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ስለሆነም እኔ ምልክቱን ጨርሶ ሳልነካ ጽሑፎቼን ብቻ መለጠፍ መርጬ ነበር። ስለ ሙያው የሚጽፍን ሰው «ልትሄድ ነው» ብሎ የሚጠረጥር አለቃ ጥቂት ነው።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ የፋብሪካ ሰው)

ልጄ፣ እኔ ለዚህ ኢንተርኔት ብዙም ግምት የለኝም። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ፒያሳ ቡና ስትጠጪ ከጎንሽ የተቀመጠው የሌላ ፋብሪካ መካኒክ ይሆናል። ካንቺ ጋር ሠርተው ወደ ሌላ ቦታ የሄዱትን፣ የደንበኛው መርማሪ ሆነው የሚመጡትን ሰዎች ዝርዝር ያዢና በየተራ ደውዪላቸው። «ሥራ ፈልጉልኝ» አትበዪ፤ እነሱ ጋ ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ጠይቂ፣ የቀረውን ራሳቸው ያነሡታል።

የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም ዛሬውኑ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ምክንያት ንገሪን ካሉሽ ለባንክ ነው ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን «ለፋይሌ» ብትዪ እመርጣለሁ፣ ውሸት የለበትምና። ሥራ ስታገኚም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ ውጪ፤ ተቀያይመው የተለዩት ሰው ነገ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊ ሆኖ ይጠብቃል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከፈረቃ ስመለስ፣ ባለፈው ወር የዘለለ ስፌት ሲደጋገምብን ከአንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ) ማሽን የታጠፈ መርፌ መምጣቱን እንዴት እንደ ደረስንበት ጻፍኩ። መጀመሪያ ሠራተኛዋን ጠርጥረን እንደ ነበር ማንሣት አለማንሣቱ ሲያከራክረኝ ቆይቶ በመጨረሻ አስገባሁት፤ እሷን አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ። ፎቶ አልለጠፍኩም። ማስረጃውን ሰኞ እጠይቃለሁ፤ ከምደውልላቸው ሰዎችም እስካሁን ዐሥራ አንዱን ጽፌአለሁ።