ፓስወርዷን ለማንም ሳትሰጥ ገጿ ላይ ሌላ ሰው ይለጥፋል፣ እንዴት ሆኖ ነው?

ሚኪ_የመርካቶው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። እህቴ ልብስ የምትሸጥበት የሶሻል ሚዲያ ገጽ አላት። ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀ ሊንክ በላፕቶፕ ከፈተች። «ቪዲዮውን ለማየት ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፣ እዚህ ጋ ሁለቴ ክሊክ ያድርጉ» ይላል። አደረገች። አንድ መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ቪዲዮ የሚባል ነገር የለም፣ ዘግታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ገጿ ላይ «ብርዎን በሳምንት እጥፍ ያድርጉ» የሚል ማስታወቂያ በራሱ ይወጣል። ፓስወርድ የትም አልጻፈችም፣ ፋይልም አላወረደችም። ፓስወርዱን ቀየርን፣ አሁንም ይወጣል። አንቲቫይረሱም ምንም አላገኘም። ደንበኞቿ ደግሞ «አንቺም እዚህ ውስጥ ገባሽ?» እያሏት ነው። ምንድን ነው ጉዱ? በዎርድፕረስ የሠራሁላት ትንሽ ዌብሳይትም አለ፣ እሱም ላይ እንዲህ ሊመጣ ይችላል?

ሳተናው፦
ወንድሜ፣ ቫይረሱን ተወው። መጀመሪያ አካውንቷ ሴቲንግ ውስጥ ግባና «የተገናኙ አፖች» የሚለውን ፈልግ። የማታውቁት አፕ ካለ አሁኑኑ አስወግደው። ፓስወርድ መቀየር ብዙ ጊዜ ፈቃድ ያገኘን አፕ አያስወጣም፣ አፑ የራሱ ቶክን (ፈቃድ ሲሰጠው የሚያገኘው ዲጂታል መግቢያ ቁልፍ) ስላለው ፓስወርድ አይጠይቅም። ከዚያ ከሁሉም ዲቫይስ ሎግአውት አድርጉ። ማብራሪያው ይደርሳል።

ዜሮ_ዴይ፦
እኔ ልጨምርበት። ይሄ ክሊክጃኪንግ፣ ማለትም ክሊክ መስረቅ ነው። ስሙን ያወጡት ሮበርት ሃንሰንና ጄረማያ ግሮስማን የሚባሉ የደህንነት ባለሙያዎች ናቸው፣ በ2008 እ.ኤ.አ.። ያኔ በዚህ ዘዴ ሰውን ሳያውቅ የአዶቤ ፍላሽን ሴቲንግ አስነክቶ ካሜራና ማይክ ማስከፈት ይቻል ነበር።

የድሮው አሠራር እንዲህ ነው። አጭበርባሪው «አጫውት» የሚል ቁልፍ ያለው ገጽ ይሠራል። በላዩ ላይ አንተ ሎግኢን ያደረግክበትን እውነተኛ ሳይት በአይፍሬም (አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ የሚያሳይ ሳጥን) ይጭናል፣ ግን ፈጽሞ እንዳይታይ ያደርገዋል። አንተ «አጫውት» ላይ ክሊክ ያደረግክ ይመስልሃል፣ ክሊኩ የሚያርፈው ግን የማይታየው ሳይት «ፍቀድ» ወይም «አጥፋ» ላይ ነው። ሳይቱ ደግሞ የሚያየው ባለቤቱ በገዛ እጁ ክሊክ እንዳደረገ ነው።

የእህትህ ግን አዲሱ ዓይነት ይመስለኛል። ጳውሎስ ይበሎ የተባለ ተመራማሪ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ይፋ ያደረገው ነው፣ ደብል ክሊክጃኪንግ ይባላል። አይፍሬም የለውም። ሁለቴ ክሊክ አድርጊ የሚል መስኮት ከላይ ይከፈታል፣ ከሥሩ ያለው ገጽ በዚያች ቅጽበት ወደ እውነተኛው ሳይት የፈቃድ ገጽ ይቀየራል። የመጀመሪያው ክሊክ ገና ሲጀመር የላዩ መስኮት ይዘጋል፣ ሁለተኛው ክሊክ ከሥር «ፍቀድ» ላይ ያርፋል። ብልጭ ብሎ የጠፋው መስኮት ያ ነው። ሲያዩት እኮ ብሮውዘሩ የተንቀራፈፈ ነው የሚመስለው፣ ማን ይጠረጥራል!

ቤቲ_ኔት፦
እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳይገጥም ቪፒኤን ተጠቀሙ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ።

ዜሮ_ዴይ፦
ቤቲዬ፣ ባለሁለት ደረጃው ለሌላ ነገር ጥሩ ነው፣ ይብራ። እዚህ ግን አያድንም። ልጅቷ ቀድማ ገብታለች፣ ኮዱን የሚጠይቃት የለም። ቪፒኤንም እንደዚሁ፣ ክሊኩ የሚወጣው ከራሷ ብሮውዘር ነው። የሚረዳው ለንግድ ገጿ ለብቻው የብሮውዘር ፕሮፋይል መክፈት ነው። የግሩፕ ሊንክ በሌላኛው ፕሮፋይል ይከፈት፣ እዚያ ሎግኢን ስላልሆነች የሚሰረቅ ክሊክ የለም። እና ቪዲዮ ለማየት ብሎ ሁለቴ ክሊክ የሚያስደርግ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት በቃ።

ሚኪ_የመርካቶው፦
ኧረ ተባረኩ! «ኤችዲ ፕሌየር» የሚል አፕ አገኘን፣ በስሟ የመለጠፍ ፈቃድ አለው። አስወገድነው። ዌብሳይቱስ?

የሰርቨር_ጠባቂ፦
ዎርድፕረስ የሎግኢንና የአድሚን ገጾቹን ራሱ ይከላከላል። ለሕዝብ የሚታዩት ገጾች ላይ ግን አንተ መጨመር አለብህ። ከሰርቨሩ ሁለት ሄደር (ከገጹ ጋር ለብሮውዘሩ የሚላክ መመሪያ) ይላኩ፣ ሁለቱም «ይሄን ገጽ ሌላ ሳይት አይፍሬም ውስጥ አይጫነው» የሚሉ ናቸው። አንዱ ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ ነው፣ እሴቱ ሴምኦሪጂን። ሌላው ኮንቴንት-ሴኩሪቲ-ፖሊሲ፣ ውስጡ ፍሬም-አንሴስተርስ ሰልፍ። ሁለተኛው አዲሱ ነው፣ የመጀመሪያው ለአሮጌ ብሮውዘሮች ይቆይ። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ ኤችቲአክሰስ በሚባለው የሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ካልገባህ ሆስቲንግ የሸጠልህን ሰው ጠይቀው። ሜታ ታግ ውስጥ (ገጹ ራሱ ኮድ ላይ) አትጻፈው፣ ብሮውዘሩ አይቀበለውም። «ጃቫስክሪፕት ከፍሬም ያስወጣል» የሚል የድሮ ኮድ ብታገኝም እለፈው፣ አጥቂው አይፍሬሙ ላይ ሳንድቦክስ (ውስጡ ያለው ኮድ እንዳይሠራ የሚገድብ ትእዛዝ) ብሎ ብቻ ያልፈዋል።

እነዚህ ሄደሮች ግን እህትህ ላይ የደረሰውን ዓይነት አይከለክሉም፣ እሱ አይፍሬም ስለማይጠቀም። ሳይቱ ላይ «ክፈል» ወይም «ሰርዝ» የሚል ከባድ ቁልፍ ካለ፣ ተጠቃሚው ማውዙን እስኪያንቀሳቅስ ወይም ኪቦርድ እስኪነካ ድረስ ቁልፉን ዲሴብል አድርገህ አቆየው።

ሂክማ_ከጅማ፦
ስልክ ላይስ? እኔ ላፕቶፕ የለኝም።

ሳተናው፦
ሂክማ እህቴ፣ አንድሮይድ ላይም አለ። አንዱ አፕ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያል፣ አንቺ ላዩን ስትነኪ ሥሩ ይነካል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሲስተሙ ብዙውን ይከለክላል፣ አሮጌ ስልክ ከሆነ ግን ሴቲንግ ውስጥ «በሌሎች አፖች ላይ ማሳየት» የሚለውን ፈቃድ እይው። የባትሪ መብራት አፕ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራል? አጥፊው።

ሚኪ_የመርካቶው፦
ሄደሮቹን አስገባሁ። መሥራታቸውን በምን ልወቅ?

የሰርቨር_ጠባቂ፦
ኖትፓድ ላይ የሳይትህን አድራሻ የያዘ አንድ አይፍሬም ጻፍ፣ ኤችቲኤምኤል ብለህ ሴቭ አድርገውና በብሮውዘር ክፈተው። ሳይትህ ከታየ አልሠራም፣ ካሽ (የተቀመጠውን የድሮ ቅጂ) አጥፍተህ ድገመው። ባዶ ሳጥን ወይም «መገናኘት አልተፈቀደም» የሚል ካየህ ሠርቷል።