ኩዌት አብሮኝ የሚሠራው ህንዳዊ «አንናያ» የሚለው ሰውዬ ማነው?

የኩዌቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። ኩዌት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ወጥ ቤቱን የያዘው ሰውዬ ህንዳዊ ነው። ደግና ዝምተኛ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስልኩ ላይ ፊልም ሲያይ አገኘሁትና «ሂንዲ ነው?» አልኩት። ኧረ እንዴት ተቆጣ! «ቴሉጉ! ቴሉጉ!» እያለ ማንኪያውን አወዛወዘብኝ።

ከዚያ ደግሞ ኦገስት 22 ቀን ከኪሱ አውጥቶ ለሁላችንም ጣፋጭ ገዝቶ መጣ። «የማን ልደት ነው?» ስለው «የአንናያ» አለኝ። ወንድሙ መስሎኝ «እንኳን አደረሰው» አልኩ። ፎቶውን ሲያሳየኝ ሪዛም ሰውዬ ነው፤ የፊልም ተዋናይ። በአካል አግኝቶት አያውቅም! «የናቱ ናቱ ልጅ አባት» ብሎ አስረዳኝ። ዘፈኑን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ወንዶች አቧራ እያስነሱ የሚጨፍሩት። ግን አባትየው ማነው? ደግሞ ሰው ለማያውቀው ሰው ልደት ጣፋጭ ይገዛል እንዴ?

የቫይዛጉ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቂው። ቴሉጉ የራሱ ፊደል ያለው ትልቅ ቋንቋ ነው። ፊልሙም የሚሠራው ሃይደራባድ እንጂ ሙምባይ አይደለም። እኔ የተማርኩት ቪሳካፓትናም፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተማዋን ባጭሩ ቫይዛግ ይሏታል። በ2008 ነበር የሄድኩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ሐበሻ ተማሪ እዚያ ብዙ ነበር። ስለ ሰውዬሽ አንናያ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቻለሁ።

ስሙ ቺራንጂቪ ነው። «አንናያ» ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ እኛ «ወንድም ጋሼ» እንደምንለው። ቺራንጂቪ የሚለውም እናቱ ያወጣችለት የፊልም ስም ነው በዪው። የተወለደው በ1955 ሞጋልቱር በምትባል የገጠር ከተማ ሲሆን መዝገብ ላይ የሠፈረው ስሙ ኮኒዴላ ሲቫ ሳንካራ ቫራ ፕራሳድ ነው። እስቲ ይሄን ፖስተር ላይ ጻፊው! ቤተሰቡ ሃኑማን የሚባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልክ ነው፤ ሃኑማን ደግሞ የማይሞት ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እናቱ «ቺራንጂቪ ተባል» አለችው። ለዘላለም የሚኖር ማለት ነው። ቃሉ እንደ ምርቃትም ያገለግላል። ቫይዛግ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰኝ ከሙሽራው ስም ፊት ምህጻሩን አየሁና ሰውዬው የተዋናዩ ዘመድ መስሎኝ ነበር።

አባቱ ፖሊስ ነበር። በየጊዜው ስለሚዛወር ልጁ ያደገው አያቶቹ ጋ ነው። በ1976 ማድራስ ሄዶ የፊልም ትምህርት ቤት ገባ። ያኔ የቴሉጉ ፊልም በብዛት የሚሠራው እዚያ ነበር። በ1978 የመጀመሪያ ፊልሙ ወጣ። ወዲያው ኮከብ ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዴ ክፉ ሰው ሆኖ፣ አንዳንዴ ከዋናው ተዋናይ ጎን ቆሞ አምስት ዓመት ለፋ። በ1983 «ካይዲ» መጣ። ካይዲ እስረኛ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያቆመው የለም።

ለምን እንደ ወደዱት ስጠይቅ ሁሉም የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ ጭፈራው። ከእሱ በፊት የነበሩት ትልልቆቹ ኮከቦች ክብር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አማልክትና ነገሥታት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ዘፈን ሲመጣ እጃቸውን ዘርጋ ዘርጋ አድርገው ያልፉታል። ይሄኛው መሬት ላይ ተንከባለለ። የእኔ ቢጤ የፖሊስ ልጅ ነው አሉ ሰዎቹ። በ2024 ጊነስ ሲመዘግበው በ156 ፊልሞች፣ በ537 ዘፈኖች ውስጥ 24,000 የዳንስ እንቅስቃሴ ብሎ ነው። ማን ቁጭ ብሎ እንደቆጠረው እግዜር ይወቅ።

ግን በጭፈራ ብቻ አትፍረጂው። በ1987 ጫማ ሰፊ ሆኖ የሠራበት «ስዋያምክሩሺ» የሚባል ፊልም አለ። ፍልሚያ የለ፣ ምን የለ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጓደኞቼ ግን «የሽማግሌ ምርጫ» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ ሻይ ሻጩ ልምጣ። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ጋሪ ላይ ሻይ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። ጋሪው በቺራንጂቪ ፎቶ ተለጥፎ ተለጥፎ እንጨቱ አይታይም። ደም የለገሰበትን ወረቀት በላስቲክ ለብጦ ሰቅሎታል። ይሄም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቺራንጂቪ በ1998 የደምና የዓይን ባንክ አቋቁሟል፤ አድናቂዎቹም ልደቱ ሲደርስ ተሰልፈው ደም ይሰጣሉ። ያንቺው ሰውዬ ጣፋጭ ብቻ ገዝቶ ከሆነ በርካሽ ተገላገለ።

እኔ በደረስኩበት ዓመት፣ ኦገስት 2008፣ ቺራንጂቪ ፊልም ትቶ ቲሩፓቲ በምትባል ከተማ የፖለቲካ ፓርቲ መሠረተ። ፕራጃ ራጅያም ይባላል፤ የሕዝብ አገዛዝ እንደማለት። ከተማው አበደ። በየመንገዱ ሰልፍ፣ ሞተር ሳይክል፣ ርችት። ሻይ ሻጩ «በቃ፣ ዋና ሚኒስትራችን ነው» ይለኝ ነበር፤ ዋና ሚኒስትር የሚሉት የክልሉን መሪ ነው። እኔም ጅሉ አመንኩ። ለቤተሰቦቼ ሳይቀር ስልክ ደውዬ «እዚህ አንድ ተዋናይ ሊነግሥ ነው» ብያለሁ።

ሜይ 2009 ውጤቱ ወጣ። ከ294 የክልሉ ምክር ቤት ወንበር ፓርቲው ያገኘው 18። ራሱ ሁለት ቦታ ተወዳድሮ ቲሩፓቲ ላይ አለፈ፤ ፓላኮሉ፣ ማለት የተወለደበት አካባቢ፣ ወደቀ። የገዛ አገሩ!

በማግሥቱ ሻይ ልጠጣ ስሄድ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ይሆናል ብዬ አዝኜ ነበር። እሱ እንደ ሁልጊዜው ሻዩን ከላይ ወደ ታች እያንቆረቆረ ያፏጫል። ጠጋ ብዬ «መርጠኸው ነበር?» አልኩት። ሳቀ። «ሚስቴ ታማ በመንግሥት የጤና ዋስትና በነፃ ነው የታከመችው። ድምፄን እዚያ ሰጠሁ። አንናያ ግን አንናያ ነው» አለኝ። ከዚያ ሻይ ደገመልኝ፤ ሂሳብ አልተቀበለኝም።

ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ፣ በጁላይ መጨረሻ፣ የልጁ የራም ቻራን «ማጋዲራ» ወጣ። ያቺ ናቱ ናቱ ያለችበትን ፊልም የሠራው ራጃሙሊ ነው የሠራው። ጃጋዳምባ አካባቢ ወዳለ ሲኒማ ቤት ሊነጋጋ ሲል ሄድን፤ ሻይ ሻጩ ነው የወሰደኝ። ደጃፉ ላይ ፎቅ የሚያክል ምስል አቁመው ወተት ያፈሱበታል። እናቴ ያ ሁሉ ወተት ሲደፋ ብታይ ታለቅስ ነበር። ፊልሙ ላይ ቺራንጂቪ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይልና ከልጁ ጋር ይጨፍራል። በቃ! ወንበር ላይ የቀረ ሰው የለም። የተቀደደ ወረቀት እንደ በረዶ ይዘንባል። ድምፅ የነፈገው ሻይ ሻጭ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ እያለቀሰ ነበር። ሸሚዜ ቁልፉ ተበጥሶ ነው ዶርም የገባሁት።

ሲኒማ ራስ ማዶ፦

ጥሩ ተርከኸዋል ወንድሜ፣ ግን ሰውዬውን አላበዛኸውም? ያ ሰፈር የቤተሰብ ንግድ ነው። ሚስቱ የታዋቂው ኮሜዲያን የአሉ ራማሊንጋያ ልጅ ናት። ልጁ ተዋናይ፣ ወንድሞቹ ተዋናዮች፣ አሉ አርጁን ደግሞ የሚስቱ የወንድም ልጅ። ሌላ ሰው በየት ይግባ? በፖለቲካውም ኤንቲአር ተዋናይ ሆኖ ፓርቲ መሥርቶ በ9 ወር ሥልጣን ያዘ። ያንተ አንናያ ግን በ2011 ፓርቲውን ያኔ ዴልሂ ላይ አገር ለሚገዛው ለኮንግረስ ፓርቲ አስረክቦ የቱሪዝም ሚኒስትር ዴኤታ ሆነ። ይሄ መሸጥ አይደለም?

የቫይዛጉ፦

የቤተሰቡን ነገር አልከራከርህም። እሱ ራሱ ግን ሲገባ ማንም አልነበረውም፤ አማቹንም ያገኘው ፊልም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ በ1980።

በኤንቲአር ላይ ግን ላቁምህ። እዚያ ስኖር ከአስተማሪዎቼ ጋር ብዙ ተጨቃጭቄበታለሁ። ኤንቲአር ፓርቲውን በማርች 1982 ሲመሠርት ሕዝቡ ተዋርጃለሁ ብሎ ነበር። ኮንግረስ ከዴልሂ ሆኖ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ዋና ሚኒስትር ቀያይሮባቸዋል። አንዱን እንዲያውም ራጂቭ ጋንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው ፊት አዋርዶታል። ኤንቲአር አሮጌ ሸቭሮሌ መኪና ላይ ወጥቶ «የቴሉጉ ክብር» ብሎ በየመንደሩ ዞረ፤ ኪሎ ሩዝ በ2 ሩፒ እሰጣለሁ አለ። በጃንዋሪ 1983 ገባ። ክሪሽና የሚባለውን አምላክ ሆኖ ስንት ፊልም የሠራ ሰው ነው፤ አሮጊቶች ፎቶው ፊት ይሰግዱ ነበር። ቢሆንም ፎቶው ብቻውን አላስመረጠውም።

ቺራንጂቪ በ2009 የገጠመው ሌላ ነገር ነው። ወንበር ላይ የነበረው ዋና ሚኒስትር ዋይኤስአር ነው፤ የኮንግረስ ሰው። ለድሃ የሆስፒታል ዋስትና፣ ለገበሬ ነፃ መብራት የሰጠ ሰው። ምን ብለህ ትቃወመዋለህ? ሻይ ሻጩ እኮ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል።

ፓርቲውን ማስረከቡ አሳፋሪ ነበር፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ወንድሙ ፓዋን ካልያን የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ በ2019 ሁለት ቦታ ተወዳድሮ ሁለቱንም ተሸነፈ። አንደኛዋ እዚያው ቫይዛግ ያለችው ጋጁዋካ ናት። እሱ ግን አልዘጋውም። በ2024 ፓርቲው 21 ወንበር ላይ ተወዳድሮ 21ዱንም አሸነፈና ምክትል ዋና ሚኒስትር ሆነ። ታላቁ በ2017 ወደ ፊልሙ ተመለሰ፤ 61 ዓመቱ ነበር። ከአስር ዓመት በኋላ እንደገና ዋና ተዋናይ ሆኖ ጨፈረ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ነው ያየሁት። ጉልበቴን አመመኝ፤ በእሱ ፈንታ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። ናቱ ናቱ ላይ ከራም ቻራን ጋር የሚጨፍረው ሁለተኛው ልጅ የዚያው የኤንቲአር የልጅ ልጅ ነው። ስሙም ያው ኤንቲአር። ይሄን ለሰውዬሽ ንገሪውና ምን እንደሚል እይ።

የኩዌቷ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ገና ልብሴን ሳልቀይር «ቺራንጂቪ አንናያ» አልኩት። ሽንኩርቱን ጥሎ ሳቀ። ስዋያምክሩሺን የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ ስለው ደግሞ ለምሳ የቢሪያኒዬ ሥጋ እጥፍ ሆነ። የኤንቲአርን የልጅ ልጅ ስነግረው «ይሄንማ ሕፃንም ያውቃል» አለኝ።

ከዚያ እንደ እርስዎ «መርጠኸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አገሩ ለካ ካዳፓ ነው። ዋይኤስአር የዚያው አገር ሰው ነው አሉ። «አባቴ ከቤት ያባርረኝ ነበር» አለኝ።

የቫይዛጉ፦

ጋሼ ብለሽ አስረጀሽኝ። ካዳፓ ከሆነማ ቢሪያኒውን ቀስ ብለሽ ብዪው፤ የእነሱን በርበሬ እኔ አውቀዋለሁ።