ፊደልን ከተረትና ከሥዕል ጋር ለማስተማር ምክር እሻለሁ

ጅማ ነዋሪ ስሆን፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆቼን በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል እስኪገቡ ድረስ በቤት ውስጥ በተረት፣ በሥዕልና በተፈጥሮ አማካኝነት እያስተማርኩ ነው። ተፈጥሮው አላስቸገረኝም፤ የጓሯችን ቡና ነጭ አበባ ካወጣበት ጊዜ አንሥቶ ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ድረስ እየተከታተሉ ይሥላሉ፣ በቦዬ ረግረግ ዳር ደግሞ ወፎችን ይመለከታሉ (ወፎቹን በመለየት ከእኔ ይበልጣሉ)።

የቸገረኝ ፊደል ነው። 33ቱን ፊደላት እስከ ሳብዕ ማስቆጠር 231 ቅርጽ ስለሚሆን ልጆቹ ይሰለቻሉ። ከተረቱ ውስጥ እንደ «ጦጣ» ያለውን ቃል መርጬ ከሥዕል ጋር ሳሳያቸው ግን ቃሉን በሥዕሉ ያስታውሱታል እንጂ፣ ሥዕሉ ሲሸፈን «ጦ»ን ከ«ጣ» አይለዩም። አንዱን ቤት እስከ ሰባቱ ድምፆቹ ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር ይሻላል፣ ወይስ በግዕዙ ረድፍ ብቻ መጀመር? በዚህ መንገድ ያስተማራችሁ ወላጆችና መምህራን የተከተላችሁትን ቅደም ተከተል ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።