የመርከብ አፍንጫ ሞገድ፦ ከቀፎው ሥር አየር እየገባ ሰበቃው ቀነሰብኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬሲኤስ የተባለውን ለምርምር የሚያገለግል የኮንቴይነር መርከብ ሞዴል (ርዝመት 7.28 ሜትር፣ ፍጥነት 2.196 ሜ/ሰ፣ ፍሩድ ቁጥር፣ ማለትም ፍጥነቱ ከርዝመቱ አንጻር፣ 0.26) ኦፕንፎም በተባለው የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር፣ ውኃና አየርን አብሮ በሚያሰላው ኢንተርፎም፣ እያሰላሁ ነው፤ ግማሽ ቀፎ ብቻ። የሰበቃ ኃይሉ 29 ኒውተን ላይ ረግቷል። ከአፍንጫው ተነስቶ በቀፎው ሥር የሚሄድ፣ አልፋ (የውኃው ድርሻ፤ 1 ንጹሕ ውኃ፣ 0 አየር) 0.8 የሆነበት ጭረት ይታያል፤ የፊቱ ሞገድም ጫፉ ተኝቷል። ጥፋቱ የሜሹ (ቦታውን ወደ ትንንሽ ሴሎች የሚከፍለው መረብ) ነው ወይስ የጊዜ እርምጃው?

መልስ 1፦
ሰበቃው በእርግጥ አንሷል። በአይቲቲሲ (የመርከብ ሞዴል ፈታሾች ዓለም አቀፍ ጉባኤ) የ1957 ቀመር፣ ሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነትና ርዝመት ከውኃው ዝልግልግነት አንጻር) 1.4 × 10⁷ ሲሆን የሰበቃ ኮፊሸንቱ 0.00283 ነው፤ ለሙሉ ቀፎ 64፣ ለግማሹ 32 ኒውተን ገደማ ይመጣል። የጎደለው በአየሩ ምክንያት ነው፤ አየር የተቀላቀለበት ሴል ጥግግቱ ሲወርድ ሰበቃውም አብሮ ይወርዳል። ይህ አየር ግን እውነተኛ አይደለም። የውኃው ገጽ አፍንጫው ላይ ቀፎውን በጠባብ አንግል ሲነካ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ስስና ረጃጅም ሴሎች ገጹን አጥርተው መያዝ ያቅታቸዋል፤ የደበዘዘው ቅልቅል እየተጎተተ ወደ ኋላ ይሄዳል።

መጀመሪያ በቀፎው ግድግዳ ላይ ያሉትን የሴል ንብርብሮች እይ። የመጀመሪያው 1.6 ሚሊሜትር ይሁን (ዋይ ፕላስ፣ ማለትም አሃድ አልባው የሴሉ ርቀት ከግድግዳው፣ 60 ገደማ ይሰጥሃል)፤ በ1.2 እያሳደግህ 8 ንብርብር ስታደርግ የመጨረሻው 5.7 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከውጭ ካለው የ1 ሴንቲሜትር ሴል ጋር ይቀራረባል። በሁለቱ መካከል ያለው የመጠን ዝላይ አምስት ስድስት እጥፍ ከሆነ ድብዘዛው የሚጀምረው እዚያው ነው። የኦፕንፎም ሜሽ ሠሪው ስናፒሄክስሜሽ ደግሞ ስለታሙ የአፍንጫ ጠርዝ ላይ ንብርብሮቹን ይጥላል፤ ውጤቱን በሥዕል በሚያሳየው ፓራቪው ቆርጠህ አረጋግጥ።

መልስ 2፦
የጊዜ እርምጃውም አለበት። የኩራንት ቁጥሩ (ፍሰቱ በአንድ እርምጃ የሚያልፋቸው ሴሎች ብዛት) 5 ቢደርስም አዲሶቹ ስሪቶች ስሌቱን አያፈነዱትም፤ ገጹ ግን ይደበዝዛል። ለ1 ሴንቲሜትር ሴል 0.5ን ለመጠበቅ 0.0023 ሰከንድ ያስፈልጋል። መነሻውን በትልቅ እርምጃ አሂደህ ሞገዱ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ቀንሰው።

የጫፉ መተኛት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ብዙዎች ሜሹን ከረጋው የውኃ መስመር 5 ሴንቲሜትር ላይና ታች ብቻ ያጠሩታል። በዚህ ፍጥነት ውኃው አፍንጫው ላይ በንድፈ ሐሳብ እስከ 0.246 ሜትር ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጫፉ ከተጣራው ቀጠና ወጥቶ ሻካራ ሴል ውስጥ ይወድቃል። አፍንጫው ዙሪያ ቀጠናውን እስከ 25 ሴንቲሜትር ከፍ አድርግ። ከኋላ ያለው ዋና ሞገድ 3.09 ሜትር ስለሚረዝም 4 ሴንቲሜትር ሴል ይበቃዋል።

ጠያቂ፦
ሲአልፋን (የውኃውን ገጽ አጥብቆ የሚያጠራውን መለኪያ) ከ1 ወደ 2 ባሳድገውስ?

መልስ 1፦
አታሳድገው። ገጹ የጠራ ይመስላል እንጂ ሐሰተኛ መጨማደድ ያመጣል። ግድግዳው አጠገብ አልፋን በግድ 1 ማድረግም ሰበቃውን ያስተካክልልሃል፤ የተኛውን ሞገድ ግን አያነሳውም።