«በእጁ የማይጽፍ ሰነፍ ነው» ላለው ሰው

ፈጣኑ፦ የዴንማርክ ፖስታ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ደብዳቤ ማደሉን ተወ ሲባል፣ አንዱ ትናንት እዚህ «በእጁ የማይጽፍ ሰነፍ ነው» ብሎ ለጠፈ። በ2000 1.4 ቢሊዮን ደብዳቤ ነበር፣ በ2024 110 ሚሊዮን ቀረ። አገር ሙሉ ሰነፈ ማለት ነው?

ብዕረኛው፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ቃሌንም አላጥፍም። በብዕር የሰረዝከው ቃል እዚያው ይቀራል። የሚያነበው ሰው ምን ልትል ብለህ ምን እንዳልክ ያያል። ስልክህ ግን ያመነታህበትን ሁሉ ይውጠዋል።

ፈጣኑ፦ ስርዝ ድልዝ ጥበብ ሆነና አረፈው! የእኔን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ፋርማሲስት ብቻ ነው።

ጠባቂዋ፦ እኔስ የምወደው መጠበቁን ነው። አንዴ «አሞኛል» ብዬ ጽፌ፣ «እግዜር ይማርሽ» የሚለው መልስ ሲደርስ ሌላ ሕመም ላይ ነበርኩ 😂

ፈጣኑ፦ ታዲያ ይሄ ደስታ ነው ቅጣት?

ጠባቂዋ፦ ለሁለተኛውም ሠርቷል።

ቴምብር ለቃሚ፦ ዴንማርክ ውስጥ ደብዳቤ መች ቆመ? ሌላ ድርጅት እያደለ ነው። ደግሞ «ድሮ ቀረ» አትበሉን፤ እንግሊዝ በ1840 ቴምብር እስክታወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ተቀባዩ ነበር። ናፍቆቱንም ሒሳቡንም አንድ ላይ ነበር የሚቀበለው።

ብዕረኛው፦ ማን «ድሮ ቀረ» አለ?

ቴምብር ለቃሚ፦ በቃል አላልክም፣ ድምፅህ ግን ይላል።

ብዕረኛው፦ የጽሑፍ ድምፅ ሰማህ? ይኸው፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው!

ዝምተኛዋ፦ እናቴ «ሽ»ን ስትጽፍ የላይኛዋን ሰረዝ እንደ ባርኔጣ ታጋድላት ነበር። ካረፈች በኋላ ደብዳቤዎቿን ሳወጣ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። የስልኬ «ሽ» የሁሉም ሰው «ሽ» ነው።

ፈጣኑ፦ እናት ከመጣች እኔ ምን አፍ አለኝ? ነፍስ ይማር። ግን የእኔ እናት የድምፅ መልእክት ነው የምትልክልኝ፣ ሳሏ ሳይቀር አለበት። እሷም ሰነፍ ናት?

ብዕረኛው፦ እናትህን ማን ነካ?

ፈጣኑ፦ «በእጁ የማይጽፍ» ብለሃል፤ እሷ በእጇ አትጽፍም። አንሳው!

ብዕረኛው፦ እናትህን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለአንተ ግን በደብዳቤ ነው፣ አድራሻህን በውስጥ ላክ።

ፈጣኑ፦ እዚሁ ጻፈው ሰነፍ!

ቴምብር ለቃሚ፦ ከላከልህ ቴምብሩ የእኔ ነው።